የቢራ ድንኳን ሹም

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ከተገኘበት መኪናዬ ከዊራቢላ ከተማ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ጥላ የሚባል በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ከነጎማዋ ትቅለጥ። ካላመናችሁኝ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከተማው ውስጥ ያለው ዘጠና ሰው ነው፤ ሁሉንም ጠይቃችሁ ለመጨረስ አንድ ከሰዓት ይበቃችኋል። ሁሉም «እኔ አላየሁም» ይላችኋል። እውነት መሆኑን የሚያረጋግጠውም ይኸው ነው። ያልተደረገ ነገር ቢሆን ኖሮ ዊራቢላ ውስጥ አላየሁም የሚል ሰው አይገኝም ነበር። እኔ እንዴት እንዳወቅሁ ግን አትጠይቁኝ።

ክላሪ ሞፋት የወረዳው የግሬደር ሹፌር ነው። በኩዊንስላንድ ግዛት ምዕራብ አስፋልቱ የሚያበቃው ከከተማው መውጫ ላይ ነውና፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ቀይ አፈር ሁሉ የሚደለድለው እሱ ነው። እጁ ወርቅ ነው። ክላሪ ባለፈበት መንገድ ላይ እንቁላል ብታስቀምጡ ወዴትም አይንከባለልም። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ይጠጣል። ይጠጣል ስል እንደ ሰው ይጠጣል ማለቴ አይደለም። ዊራቢላ ውስጥ የማይጠጣ ሰው ካለ ወይ ታሟል ወይ እንግዳ ነው ይባላል። ክላሪ ግን ጠጪዎች ሳይቀሩ ከንፈር የሚመጥጡለት ጠጪ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከመጠጥ ቤት ወጥቶ ግሬደሩን አስነሳና ወደ ቤቱ ጉዞ ጀመረ። ቤቱ ከመጠጥ ቤቱ ሁለት መታጠፊያ ነው። ክላሪ ግን አልታጠፈም። የግሬደሩንም ስለት አውርዶ ነበር። በማግስቱ ነዳጅ ጨርሶ ሲነቃ ከኋላው አርባ ኪሎ ሜትር መንገድ ተኝቷል፤ እንደ ክር የተወጠረ፣ ግራና ቀኙ ቦይ የወጣለት። ወደ የትም አይሄድም። የወረዳው ምክር ቤት ሊያባርረው ተሰበሰበ። ነገር ግን መንገዱ ሲታይ በወረዳው ካሉት መንገዶች ሁሉ የተሻለ ሆኖ ስለተገኘ፣ ለክላሪ ማስጠንቀቂያ ሰጡና መንገዱን ካርታ ላይ አስገቡት። ዛሬ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ይሄድበታል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወርዶ ወገቡን ያፍታታና ይመለሳል።

ሚስቱ ኖሊን ግን ምክር ቤት አይደለችም። ልብሷንና ሬዲዮኗን ይዛ ግቢው ውስጥ ቆሞ አቧራ ወደሚጠጣው ተጎታች ቤት ገባች።

«ኖሊ፣ ምን ሆነሻል?» አላት ክላሪ በመስኮቱ።

«ምንም አልሆንኩም። ጎረቤትህ ሆኛለሁ።»

«እራትስ?»

«ጎረቤት እራት ይሠራል እንዴ?»

በሩን ዘጋችው። ከዚያ መልሳ ከፈተችው።

«ስማኝ ክላሪ። መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ተሰብስበው የሚነጋገሩበት ስብሰባ አለ ይባላል። ፈልገህ አግኝና ገብተህ ተቀመጥ። ካልሆነ፣ የፈረስ እሽቅድምድሙ እንዳለቀ ይህን ቤት ከፒክአፑ ጋር አያይዤ ባሕሩ ዳር እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ሄጄም አልመለስም።»

«ለምን እሽቅድምድሙ እስኪያልቅ?»

«ባርኔጣ ገዝቻለሁ።»

በዊራቢላ ዓመታዊ እሽቅድምድም ላይ ወንዶቹ በፈረስ፣ ሴቶቹ በባርኔጣ ይወዳደራሉ። ኖሊን ትዳሯን በአንድ ጀምበር ልታፈርስ ትችላለች፤ ባርኔጣ ግን በከንቱ አታስቀርም።

ክላሪ ማታ ማታ በወጥ ቤቱ መስኮት የተጎታች ቤቱን መብራት ያያል። በወጣትነቱ ለዚህች ሴት ሲል ጎርፍ የሞላው ወንዝ በትራክተር ተሻግሯል። ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ሲሠራ ኖሯል። ከወጥ ቤቱ ደጃፍ እስከ ተጎታች ቤቱ ያለችውን ቁራጭ መሬት ግን በምን እንደሚደለድላት ጠፋው።

ስለዚህ ስለ ስብሰባው ሊጠይቅ ስልክ ደወለ። ሩቅ ትልቅ ከተማ ያለች አንዲት ሴት አነሳች፤ የሆነ ነገር ስታገላብጥ ይሰማዋል።

«ዊራቢላ... ዊራቢላ... አዎ፣ አለ! የመታሰቢያ አዳራሹ ውስጥ፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት።»

ክላሪ ወንበሩ ላይ ተነቃነቀ። «እዚሁ? እኛው ከተማ?»

«ከዚያ ቀጥሎ ያለው የአምስት ሰዓት መንገድ ነው።»

«አምስት ተኩል ነው» አለ ክላሪ። «መንገዱን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ማክሰኞ ሰው እንዳያየው ብሎ በእግሩ ወጣ። ይህ ትልቅ ስህተት ነበር። ዊራቢላ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም። ገና የራሱን አጥር ሳያልፍ አንድ መኪና ቆመ።

«ክላሪ፣ መኪናህ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው የምትሄደው?»

«እየተንሸራሸርኩ ነው።»

«ውይ ወንድሜ፣ አሞሃል ማለት ነው። ግባ ላድርስህ።»

አልገባም አለ። ሌላ መኪና ቆመ። ከዚያ ሌላ። አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ ክላሪ ሞፋት በእግሩ እየሄደ ነው የሚለው ወሬ ቀድሞት ደርሶ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ በርሜል የሚያክል የሻይ ማፍያና ያልተቆረጠ ኬክ አለ። ጠረጴዛውን ከብበው የተቀመጡትን ሲያይ ክላሪ አፉን በእጁ ያዘ። ከጠረጴዛው ራስ ላይ አክስት ዳልሲ ተቀምጠዋል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስታ ቤቱን ያስተዳደሩ፣ ነጩም ጥቁሩም አክስቴ የሚላቸው። ከጎናቸው በግ ሸላቹ አጭሬ አለ። አጭሬ የሚሉት በከተማው ከሁሉ ረጅም ስለሆነ ነው። ሪታ የጤና ጣቢያዋ ነርስ በአንድ ጫፍ፣ ባሏ ኬን በሌላው ጫፍ ተቀምጠዋል። ፈረስ አርቢው ሜርቪን አለ። ሌሎችም አሉ። ክላሪን ከሁሉ ያስደነገጠው ግን ትሬቨር ነው። ትሬቨር የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ነው።

ሻጩ ራሱ ከመጣ፣ አለ ክላሪ በሆዱ፣ ነገሩ ከማስበው በላይ ከባድ ነው።

«ግባ ልጄ፣ ግባ» አሉ አክስት ዳልሲ። «መጀመሪያህ ነው?»

«መጀመሪያዬ ነው አክስቴ።»

«አትፈር። እዚህ ካለነው በር ላይ ቆሞ ያልተርበተበተ የለም። ቁጭ በል።»

ክላሪ ተቀመጠና መንገድ ላይ ሲለማመደው የመጣውን ንግግር በልቡ መከለስ ጀመረ። ስሜ ክላሪ ሞፋት ነው፣ ሰካራም ነኝ። ስሜ ክላሪ ሞፋት ነው፣ ሰካራም ነኝ። ይህን እያለ ስለነበር አክስት ዳልሲ የተናገሩትን አልሰማም። የተናገሩት ደግሞ ይህን ነው፤ የዛሬው የእሽቅድምድም ኮሚቴው ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ነው፣ ሥልጣን ሁሉ ክፍት ነው፣ ምርጫ ይጀመር።

በእኛ አገር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ምርጫ ሲደርስ ሰው አይተነፍስም። ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍበት አያባርርም። እጁ ከፍ ካለ ተመርጧላ! አጭሬ ጸሐፊ የሆነው አንድ ዓመት አስነጥሶት አፉን ሊሸፍን እጁን በማንሳቱ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ጸሐፊ ነው። እናም አዳራሹ እንደ መቃብር ጭጭ ባለበት፣ ሁሉም እጁን ጭኑ ሥር ደብቆ በተቀመጠበት ሰዓት፣ ክላሪ ሞፋት እንደ ተማሪ ቀጥ አድርጎ እጁን አወጣ።

«ስሜ ክላሪ ሞፋት ነው፣ እኔም—»

«የቢራ ድንኳን ኃላፊ፣ ክላሪ ሞፋት!» አሉ አክስት ዳልሲ። «የሚደግፍ?»

«እደግፋለሁ!» አለ ጠረጴዛው በሙሉ በአንድ ትንፋሽ።

«በሙሉ ድምፅ አልፏል። ኬኩን ቁረጡ።»

ትሬቨር እጁን ጨበጠው። ሪታ ጉንጩን ሳመችው። ከኬኩ ወፍራሙ ቁራጭ ለእሱ ተሰጠ። ክላሪ እያኘከ አሰበበት። የእባብ መርዝ የሚያክመው መድኃኒት ከዚያው ከእባቡ መርዝ ነው የሚሠራው ሲባል ሰምቷል። የስብሰባው ዘዴም ይኸው ይሆናል አለ። የተማሩ ሰዎች ያወጡት ነገር ይሆናልና ምን አውቃለሁ ብሎ ተቀበለው።

ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ሄደ። ማታ ሲመለስ ኖሊን በተጎታች ቤቱ መስኮት ብቅ ትላለች።

«ሄድክ?»

«ሄድኩ።»

«ምን አላችሁ?»

«ስለ ሽንት ቤት ተወያየን።»

«የምን ሽንት ቤት?»

«ስንት ያስፈልጋል ነው ጥያቄው። የሴቶቹ ባለፈው ዓመት አልበቃም።»

ኖሊን መስኮቱን ዘጋችው። በቀጣዩ ሳምንት ስለ አጥር ተወያየን አላት። ከዚያ በቀጣዩ ስለ በረዶ። «ስለ መጠጥስ?» ስትለው «ገና ተራዬ አልደረሰም» አለ። እውነቱን ነው፤ ተራው ሲደርስ ይናገራል ብሎ ንግግሩን እንደያዘ ይቀመጣል፣ ተራ የሚባል ነገር ግን አይመጣም።

ጉዱ ግን ይህ ነው፤ ክላሪ አልጠጣም። መጀመሪያ ሰሞን እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ላቡ አንሶላ አራሰ፣ ሌሊት ጣሪያው ላይ በጎች ሲሄዱ አየ። አንድ ቀን አልቻለም፣ መጠጥ ቤት ሄደ። ትሬቨር ገና ሲያየው ቀዝቃዛ ሎሚናት አስቀመጠለት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለኮሚቴ አባል ሌላ አልሸጥም» አለ ትሬቨር ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ። «ጠጣና የበረዶውን ነገር ደውልበት።»

የበረዶው ነገር፣ የጄኔሬተሩ ነገር፣ የድንኳኑ ካስማ ነገር። የቢራ ድንኳን ሹም የሆነ ሰው ቢራ የሚጠጣበት ጊዜ የለውም።

ነገሩ የፈነዳው ከእሽቅድምድሙ በፊት ባለው ሰኞ ነው። ኖሊን ሱቅ ሄዳ ዳቦ ስትመርጥ ባለሱቋ እንኳን ደስ አለሽ አለቻት። በምን? ባልሽ የቢራ ድንኳን ኃላፊ ሆነ አይደል! ኖሊን ዳቦውን መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ክላሪ ከሥራ ሲገባ ተጎታች ቤቱን ከፒክአፑ ጋር እያያዘች ነበር።

«ኖሊ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ስብሰባ ግባ አልኩህ። ስብሰባ ገባሁ አልከኝ። ቢራ ላይ ሾሙህ!»

«ሕክምናው ነው እኮ ይሄ...»

«የምን ሕክምና? የፈረስ እሽቅድምድም ኮሚቴ ነው፣ አንተ ደደብ! ይህን ሁሉ ሳምንት የት የተቀመጥክ መስሎህ ነው?»

ክላሪ ግሬደሩን ተደግፎ ቆመ። ሽንት ቤቱ፣ አጥሩ፣ በረዶው አንድ በአንድ በፊቱ አለፉ። ስለ ፈረስ ብዙ ይወራ እንደነበረም ትዝ አለው።

«በስህተት ነው» አለ።

«ይሆናል። ቅዳሜ ማታ መንገድ ላይ ነኝ።»

ማክሰኞ አዳራሹ ውስጥ አክስት ዳልሲ አጀንዳውን ጨርሰው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ።

«ልዩ ልዩ ጉዳዮች። የለም አይደል? የለም። ኬኩን—»

«አለ» አለ ክላሪ።

ጭንቅላት ሁሉ ዞረ። በልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ የተናገረ ሰው በዊራቢላ ታሪክ አልታየም፤ ቀጥሎ የሚቆረጠው ኬክ ነዋ።

«ከቢራ ድንኳኑ ሹመት ልነሳ ነው።»

«አይሆንም» አለ አጭሬ። «በደንቡ መሠረት የሚነሳ ሰው ምትክ ያመጣል።»

ይህን ሲሰሙ ሁሉም ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የሚታይ ነገር የለውም።

«እንግዲያው እውነቱን ልናገር» አለ ክላሪ። ድምፁ ከአፉ ሳይሆን ከጉልበቱ የሚወጣ መሰለው። «እኔ እዚህ የመጣሁት በስህተት ነው። መጠጥ የሚያቆሙ ሰዎች ስብሰባ ነው ብለውኝ ነው። የፈረስ ፊትና ኋላ አላውቅም። ሰካራም ነኝ አክስቴ። እዚያ ድንኳን ውስጥ ካስቀመጣችሁኝ ከመጀመሪያው ውድድር በፊት ቢራውን፣ ከሁለተኛው በፊት ድንኳኑን እጠጣዋለሁ። ኖሊን ቅዳሜ ጥላኝ ትሄዳለች። እኔ ያለ እሷ... ሌላ የምለው የለኝም።»

አክስት ዳልሲ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መለሱ። 

«ይህ ያልከው ነገር» አሉ፣ «ሪፖርት ነው ወይስ የውሳኔ ሐሳብ?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ሪፖርት ከሆነ ሰምተን እናልፋለን። የውሳኔ ሐሳብ ከሆነ የሚደግፍ ያስፈልገዋል። ከተደገፈ ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ የለም።»

ክላሪ አሰበ። «የውሳኔ ሐሳብ ይሁን።»

«ክላሪ ሞፋት ሰካራም ነው የሚል የውሳኔ ሐሳብ ቀርቧል። የሚደግፍ አለ?»

 ከዚያ ከጠረጴዛው ጥግ፣ «እደግፋለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። ትሬቨር ነው።

«እሱማ ምን ያድርግ፣ ማስረጃው በእጁ ነው!» አለ አጭሬ።

«ማሻሻያም አለኝ» አለ ትሬቨር። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። «‹ክላሪ ሞፋት› ከሚለው ቀጥሎ ‹እና ትሬቨር ዶውሊንግ› የሚል ይግባበት።»

«ምክንያት?» አሉ አክስት ዳልሲ።

«እኔም ያንኑ ስልክ ደውዬ ነው የመጣሁት። በሩ ላይ ቆሜ ልናገር እጄን ሳነሳ የሽንት ቤት ኃላፊ አደረጋችሁኝ። ከዚያ ወዲያ አፈርኩ። መጠጥ ቤት ያለው ሰው ሽንት ቤት ላይ ተሹሞ ሰካራም ነኝ ቢል ማን ይሰማዋል? አልተናገርኩም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቀመስኩም። የት ጊዜ አለኝ?»

አጭሬ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከተቀመጠበት ተነሳ፤ ተነስቶ ለመጨረስ ጊዜ ይፈጅበታል።

«በማሻሻያው ላይ ማሻሻያ አለኝ» አለ። «ያን ጊዜ አላስነጠሰኝም። ልናገር ነበር እጄን ያነሳሁት። ስትመርጡኝ እንዳስነጠሰኝ አስመሰልኩ።»

ከዚያ በኋላ ማሻሻያ እንደ ጎርፍ ወረደ። ሪታ እጇን ስታነሳ ኬንም ከሌላው ጫፍ አነሳ። ባልና ሚስት ተያዩ።

«አንተም?» አለች ሪታ።

«አንቺም?»

«ለፈረስ ነው የምሄደው ትለኝ አልነበር!»

«አንቺስ? ፈረስ ስታዪ ትጮሂ የለ! እኔ እኮ ለእኔ ስትል ነው የምትመጣው እያልኩ...»

«መኝታ ቤት ጠርሙስ ደብቀሃል ወይ ብዬ ስንት ጊዜ ፈትሻለሁ!»

«የራስሽን ነበር የምትፈልጊው!»

«ወደ ሰብሳቢዋ ተናገሩ» አሉ አክስት ዳልሲ ጠረጴዛውን እየመቱ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱ። ሰብሳቢ ሐሳብ ስለማያቀርብ ወንበሩን ለአጭሬ ለቀቁና ተራ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስብሰባው የእኔ ነበር» አሉ። «አራት ነበርን፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ። ሦስቱ አፈር ለብሰዋል። አንድ ማክሰኞ የእሽቅድምድሙ ሰዎች የሚመረጥ ሰው አጥተው በሩን ከፍተው ገቡና አራታችንንም መረጡን። እምቢ ማለት አይቻልማ። ስለ ራሳችን በሚቀጥለው ሳምንት እንነጋገራለን አልን። በሚቀጥለው ሳምንት የአጥር ጉዳይ መጣ። ከዚያ የውሃ ጉዳይ።»

«ታዲያ ስልኩ ላይ ለምን አላሰረዙትም?» አለ ክላሪ።

አክስት ዳልሲ ዓይናቸው እንኳን አልተርገበገበም። «አሰርዤ ኮሚቴውን በምን ልሞላው ነው? ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚመጣ ይመስልሃል?»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ዊራቢላ ላይ ግን ያወጣው ሻይ ነው።

ድምፅ ተሰጠ። ተቃውሞ የለም፤ አንድ ድምፀ ተዓቅቦ ብቻ። ሜርቪን ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እኔ ለፈረስ ነው የመጣሁት» አለ። «ከስብሰባ በኋላ አንድ ቢራ እንጠጣ ባልኩ ቁጥር ሁላችሁም ሻይ ይሻለናል ትላላችሁ። ስንት ዓመት ሙሉ የሚጠሉኝ መስሎኝ!»

«ማንም አይጠላህም ሜርቭ» አለ ትሬቨር ትከሻውን ይዞ። «ሰካራሞች ስለሆንን ነው።»

ሜርቪን በጣም ተጽናና። በዚያው ስሜት ላይ እንዳለ፣ እንባውን ሊጠርግ እጁን ቢያነሳ፣ የቢራ ድንኳን ኃላፊ ሆኖ ተመረጠ። የሽንት ቤቱ ኃላፊነት ከትሬቨር ወደ ክላሪ ዞረ። መጨረሻ ላይ አክስት ዳልሲ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው አንድ የጥንት ደንብ አስታወቁ፤ እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀራል፣ እዚህ የታየ ሰው አልታየም፣ ባል ለሚስት እንኳን አይናገርም።

ክላሪ ይህን ሲሰማ ኖሊን ትዝ አለችው። ግን እጁን አውጥቶ ደግፏል።

ማታ ኖሊን በመስኮቷ ጠበቀችው።

«ከቢራው ተነሳህ?»

«ተነሳሁ። ሽንት ቤት ላይ ነኝ።»

«ስብሰባውንስ አገኘኸው?»

«ኖሊ፣ ተናግሬዋለሁ። ጮክ ብዬ። ሰው ፊት።»

«ማን ፊት?»

ክላሪ አፉን ከፈተ። አክስት ዳልሲ ታዩት፤ ሪታና ኬን፣ ትሬቨርም። አፉን ዘጋ።

«ልነግርሽ አልችልም።»

«ለምን?»

«ለምን እንደማልችልም ልነግርሽ አልችልም።»

ኖሊን ቀስ ብላ መጋረጃውን ሳበች።

ቅዳሜ ከየበረሃው ሰው ጎረፈ። ኖሊን አረንጓዴ ላባ ያለው ባርኔጣዋን ደፍታ መጣች፤ ፒክአፑንና ተጎታች ቤቱን አፍንጫቸውን ወደ አውራ ጎዳናው አዙራ አቆመቻቸው። ክላሪ ውሃ በባልዲ እየተሸከመ ከሽንት ቤት ሽንት ቤት ሲሮጥ በዓይኗ ትከተለዋለች። በቢራ ድንኳኑ በር ሲያልፍ አልቆመም። ሜርቪን ጠርቶት እንኳ አልቆመም። በዕረፍት ሰዓት ወደ ሻይ ድንኳኑ ሄደች። አክስት ዳልሲ እያፈሉ ነበር።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህ ኮሚቴ ምንድን ነው?»

«የእሽቅድምድም ኮሚቴ ነው የኔ ልጅ።»

«ትሬቨር ሻይ እየጠጣ ነው።»

«ትሬቨር ሻይ ይወዳል።»

«አጭሬም።»

«እሱም ይወዳል።»

«ሪታና ኬን እጅ ለእጅ ተያይዘው እየጠጡ ነው። ሪታና ኬን እጅ ለእጅ ተያይዘው እኮ አይቼ አላውቅም።»

«ሻዩ ወፍሯል መሰለኝ» አሉ አክስት ዳልሲ። «ኬክ ብዪ።»

ኖሊን ኬኩን ያዘች። ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር፣ ሲኒ በሲኒ አየችው። በመጨረሻ ክላሪ ባልዲውን አስቀምጦ መጣና ከአጭሬ ጎን ተቀመጠ። ሻይ ቀዱለት። ሲኒውን ሲያነሳ እጁን አየችው፤ አይንቀጠቀጥም። ምንም ሳትል ኬኳን በላችና ወደ ባርኔጣው ውድድር ሄደች። ሦስተኛ ወጣች።

የመጨረሻው ውድድር ሲያልቅ ፒክአፑ ተነሳ። ክላሪ ከሽንት ቤቶቹ ኋላ ሆኖ አቧራውን አየ። ሮጦ ሊይዛት ይችል ነበር፤ ግን የመጨረሻው ሰው ሳይወጣ ኃላፊው አይሄድም፣ የመጨረሻው ሰው ደግሞ ሜርቪን ነበር፣ ቢራው እስኪያልቅ ሲቀምስ የዋለ። ጠበቀው። ሁሉንም አጠበ። ትሬቨር ቤቱ ድረስ አመጣው።

ተጎታች ቤቱ ግቢው ውስጥ፣ የድሮ ቦታው ላይ ቆሟል። መብራቱ በርቷል።

ክላሪ ሄዶ አላንኳኳም። ፈራ። ወጥ ቤት ገብቶ ውሃ ጣደ። ብዙም ሳይቆይ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ መውረድ ጀመረ፣ መጀመሪያ እንደ ጠጠር፣ ከዚያ እንደ ጭብጨባ። በሩ ተንኳኳ። ኖሊን ባርኔጣዋን ይዛ ቆማለች።

«ጣሪያው ያፈሳል» አለች።

«ነገ እጠግነዋለሁ።»

«ማን ጠግን አለህ?» ብላው አልፋው ገባችና ለራሷ ሲኒ ፈለገች።

ይኸው ነው። እንዳልኳችሁ ሁሉም እውነት ነው፤ መንገዱም፣ ማሻሻያውም፣ ሜርቪንም። አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ዝናቡን። ያን ማታ ዊራቢላ ላይ ጠብታ አልወረደም፣ ሰማዩም ደመና አልነበረበትም። ጣሪያው ያፈሳል ያለችው ግን ራሷ ናት።